የመከታ ሰማንያ ቀን

የመጨረሻ ልጄ ወልዳ እሷን ለማረስ ደባርቅ፣ ከተከራየችው ቤት ገብቼ ሰንብቻለሁ። አንድ ቀን ቤት ስጠርግ ማበጠሪያዋን ከአልጋ ሥር ተወሽቆ አገኘሁት። ጥርሱ በጠጉር ተሞልቶ የወፍ ጎጆ መስሏል። ከወለደች ሦስት ወር አልፏታል። ለባሏም ለእኔም ሳትናገር በየጠዋቱ የሚረግፈውን እየጠቀለለች ስትደብቅ ከርማለች። ማበጠሪያውን ይዤ ከደጃፉ ተቀመጥኩ። ያን ጊዜ የታወሰችኝ መከታ የምትባል ውሻ ናት።

ልጅ እያለሁ ቤታችን በዳባትና በደባርቅ መካከል፣ ከመኪናው መንገድ ሽቅብ አንድ ሰዓት ከሚያስኬደው ዳገት ላይ ነበር። ጠዋት ጠዋት ጉሙ ሲገለጥ ወደ አዲ አርቃይ የሚወርዱት የጦር መኪኖች ከታች እንደ ጥንዚዛ ተሰልፈው ይታያሉ። ነገሩ የሆነው መሠረተ ትምህርት ወደ መንደራችን በመጣ በሁለተኛው ዓመት ነው። ፊደል ለይቼ እስከ መቶ መቁጠር ችዬ ነበር። ከዚያ ወዲያ ብዙም አልተማርኩም፤ መቶን ግን አልረሳሁም።

በዚያ ዓመት በጥቅምት እናቴ ታናሽ እህቴን ወለደች። በኅዳር ደግሞ መከታ ከገብሱ ገለባ ክምር ሥር አምስት ወለደች፤ ሁለት ወንድ፣ ሦስት ሴት። መከታ ቀይ ነበረች፤ አንገቷ ላይ እጅ የሚሰውር ጎፈር ነበራት። በጎቻችን ከቀበሮ የሚድኑት በእሷ ነው። ለእናቴ ገንፎ ሲገነፋ ከገበታው የተረፈውን እየጠረግሁ ለመከታ እወስድላት ነበር። አንዲት ጎረቤት አይታ «የአራስ ገንፎ ለውሻ» ብላ ፊቷን አጨማደደች። «እሷስ ምንድን ናት?» አልኳት። እናቴ ከመደቡ ላይ ሆና ሰምታለች፤ አልተቆጣችኝም።

ጥር ሲገባ የመከታ ጠጉር መርገፍ ጀመረ። መጀመሪያ ከሽንጧ፣ ቀጥሎ ከጅራቷ፣ በኋላ ጎፈሩም ሳይቀር። በተኛችበት ገለባ ላይ እንደ ተባዘተ ሱፍ ተቆልሎ ይገኛል። ጅራቷ የአይጥ ጅራት መሰለ። እኔ ብርድ ነው ብዬ ከእናቴ የጠጉር ቅቤ ሰርቄ ጀርባዋን ቀባሁላት። እሷ የደረሰችበትን ላሰች፤ ያልደረሰችበትን ቡችሎቹ ተሻምተው ላሱት። ቅቤው መጉደሉ ሲታወቅ ተገረፍኩ። አጥፍቻለሁና በዚህ ቅሬታ የለኝም።

ጎረቤታችን አያ መኳንንት የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ነበሩ። የመከታ ቡችሎች አባት የእሳቸው ውሻ ነው፤ ገና ዓይን ሳይገልጡ አንዱን ወንድ «ለእኔ» ብለው ነበር። መከታን በዚያ መልኳ ያዩዋት ዕለት ግን በአጥራችን በኩል ቆመው አባቴን ጠሩት።

«ይቺ እከክ ይዟታል። መንጋው ሳይነካ ከገደሉ ጣላት።»

«አትታከክም እኮ» አለ አባቴ። «ቆዳዋም ንጹሕ ነው።»

«እሁድ ለጉባኤው ንገር።»

ክፉ ሰው አልነበሩም። አምና እከክ ከእሳቸው በጎች ገብቶ የቀረው ጥቂት ነበር። በእኛ አገር በግ ጠጉሩን ከጣለ የምንለብሰው ባና አይሠራም፤ ባና ከሌለ በዚያ ብርድ ልጅ አያድግም። ፍርሃታቸው እውነት ነበር። ስህተታቸው ሳይመረምሩ መፍረዳቸው ነው።

እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ማኅበሩ ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ፣ ከትልቁ ጽድ ሥር ተሰበሰበ። ሴቶቹ ከኋላ ቆመዋል፤ እኔ እህቴን አዝዬ በሴቶቹ መካከል ነኝ። አያ መኳንንት በአዘቦቱ ቀን «አንተ ሰውዬ» የሚሉትን ሁሉ በጉባኤ ላይ «ጓድ» ይሉታል። «ጓዶች» ብለው የበጉን፣ የባናውን፣ የእከኩን ነገር አስረዱ። አባቴ አትታከክም ያለውን ደገመ። ሰው ወደ አያ መኳንንት ማዘንበሉን ከፊቱ አየሁት።

የደብራችን ቄስ አባ ተድላ በመቋሚያቸው ተደግፈው ያዳምጡ ነበር። «መቼ ነው የወለደች?» አሉ።

«በኅዳር፣ አባ።»

«አራስ ናት በሉኛ። ለአራስ ቀን ይሰጣታል። ከመንጋው ርቃ አርባ ቀን ትታሰር። ጠጉሯ ከመጣ መጣ፤ ካልመጣ መኳንንት እንዳለው ይሁን።»

ሰዎቹ ሊነሡ ሲሉ «አርባ የወንድ ነው» አልኩ።

አባ ዞሩ። «ማናት?»

«ዝናሽ ነኝ፣ አባ። እህቴን ያጠመቋት እርስዎ ነዎት። ሴት ናት ብለው ሰማንያ ቀን አስቆጥረውናል።»

«አንች፣ ውሻ ክርስትና አላት?»

«የላትም። ቀኑን ግን እርስዎ ነዎት ያመጡት።»

ከሴቶቹ አንዷ ከኋላዬ ነጠላዬን ጎተተችኝ። አባ ተድላ ጢማቸውን ያዙ። ከፊት የተቀመጠ አንድ ገበሬ «ቡችሎቹ ምን ምንድን ናቸው?» ብሎ ጠየቀኝ። ሁለት ወንድ፣ ሦስት ሴት አልኩት። ሰውየው ወደ አያ መኳንንት ዞረና፣ «ጓድ ሊቀመንበር፣ አብላጫው ድምፅ የሴት ነው» አለ።

ጉባኤው ሳቀ። አያ መኳንንት አልሳቁም፤ በየስብሰባው አብላጫ ድምፅ እያሉ የኖሩት ግን እሳቸው ናቸው። «ሰማንያ ይሁን» አሉ በመጨረሻ። «ገመዱ ከአንገቷ የወለቀ ዕለት ግን ቀኑም አበቃ።»

ወደ ቤት ስንወጣ አባቴ «ይህን አፍ ከየት አመጣሽው?» አለኝ። እናቴ ከኋላ «ከቤት» አለች።

መከታን ከጓሮው ካለው የወይራ ግንድ አሰርናት። እኔ በየማታው ከበሩ ጀርባ ግድግዳው ላይ በከሰል አንድ አንድ ጭረት እጭራለሁ። የተማርኩት ቁጥር ለመጀመሪያ ጊዜ ጥቅም ላይ የዋለው በዚህ ነው። በሃያኛው ቀን ገደማ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ቀበሮ ከመንጋችን አንዲት ግልገል ነጥቆ ሄደ። መከታ ከታሰረችበት ሆና አይታዋለች፤ ገመዱን እስክትታነቅ ድረስ ጎተተችው፤ አልተበጠሰም። አባቴ ሁለት ቀን አላናገረኝም። በሦስተኛው ቀን አጎቴ መጥቶ «ለአንዲት መላጣ ውሻ ብለህ ግልገል ታስበላለህ?» አለው። አባቴ፣ «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ ትቆጨኛለች ሲባል አልሰማህም? ቀን ተሰጥቷታል፤ ቀኗን ትጨርስ» ብሎ መለሰለት። ከዚያ በኋላ አናገረኝ።

አርባኛው ጭረት በዐቢይ ጾም መሀል ዋለ። በማግስቱ አያ መኳንንት መጡ። መከታ ከመቼውም የከፋች ነበረች፤ ከሆዷ እስከ ጭኗ የተላጠ ድንች መስላለች። አያ መኳንንት ዞር ዞር ብለው አዩዋት።

«አርባው ሞላ?»

«የወንዱ ሞላ» አልኩ። «የሴቶቹ ይቀራል።»

ወደ እኔ አላዩም፤ ለአባቴ ነው የተናገሩት። «ይህ ጠጉር የሚመለስ አይደለም። ጉባኤ ስለሳቀ የልጅ ቃል ይዘን መንጋ እናስፈጅ? እኔና አንተ እንጨርሰው።» አባቴ መሬት መሬት ያያል። የግልገሏ ነገር በልቡ እንዳለ አውቃለሁ። እሺ ሊል ነው ብዬ አሰብኩ።

እናቴ እህቴን እያጠባች ከበሩ ላይ ተቀምጣ ነበር። ልጅቷን ለእኔ ሰጠችኝና ተነሣች። በሁለት እጇ ሻሿን ፈታች። እናቴ ሻሿን በወንድ ፊት ስትፈታ ያን ጊዜ ነው ያየሁ። የድሮው ሹሩባዋ የለም። በግንባሯና በጆሮ ግንዷ በኩል የራስ ቆዳዋ ያበራል፤ የቀረውም ሳስቶ እንደ ክር ተንጠልጥሏል። ለካ ጠዋት ጠዋት በሚዶ አበጥራ ከምድጃው የምትጥለው ይህንን ነው።

«አያ መኳንንት፣ እኔም በጥቅምት ወለድኩ» አለች። «እኔንስ ወዴት ትጥሉኛላችሁ?»

አያ መኳንንት ፊታቸውን ወደ ማሳው አዞሩ። ወዲያው ገመዱን ጎንበስ ብለው ፈተሹት፤ ጠበቅ አደረጉት። «እንግዲያ ቀኗን ትጨርስ» ብለው ሄዱ። እናቴ ሻሿን መልሳ አሰረችና እህቴን ከእጄ ተቀበለችኝ። ስለዚያ ነገር ዳግም አንሥታ አታውቅም።

ከሃምሳው ቀን በኋላ በዓይን ሳይታይ በጣት የሚታወቅ ነገር ወጣ። ሽንጧን ስዳብሳት ገና የበቀለ ገብስ የነካሁ መሰለኝ። በስድሳው ጉም የመሰለ ለስላሳ ጠጉር ለበሰች። በሰባው ቀይ ሆነ፤ ከድሮው ጠቆር ያለ ቀይ። ፋሲካ አልፎ ሰማንያኛውን ጭረት ስጭር ጎፈሯ እጄን እስከ አንጓዬ ይውጠው ነበር። የእናቴም ግንባር ዙሪያ አጫጭር ጠጉር ቆሞ፣ ሻሹ ሥር አልገባ እያለ ያስቸግራት ጀመር።

አያ መኳንንት መጥተው እጃቸውን ከመከታ ጠጉር ውስጥ ከተው ቆዳዋን ዳበሱት። አጉረመረመችባቸው። እጃቸውን አላነሡም፤ እስከ ጅራቷ ድረስ መረመሩ። «እከክ አልነበረም» አሉና ገመዱን ራሳቸው ፈቱላት። መከታ ማንንም ሳታይ ቀጥ ብላ ወደ መንጋው ሄደች።

ከዚያ በኋላ ወንዱን ቡችላ ጠየቁ። በእኛ አገር የሚፈለገው ወንድ ነው፤ ሴት ቡችላ ስትወልድ ታስቸግራለች ተብሎ ከመንገድ ዳር ትጣላለች። ሦስቱን ሴቶች እስከዚያ ቀን የጠየቀ ሰው አልነበረም። አባቴ ወንዱን ሊያመጣ ሲነሣ እኔ ከፊቱ ቆምኩ።

«መከታ የዳነችው በሴቶቹ ቀን ነው። በወንዶቹ ቢሆን ዛሬ ገደል ውስጥ ናት። ከወሰዱ ሴት ይውሰዱ።»

«ዝም በይ» ይለኛል ብዬ አባቴን አየሁት። እሱ አያ መኳንንትን አያቸው። «የቆጠረችው እሷ ናት» አለ።

አያ መኳንንት «የትኛዋ ናት የምትሻል?» አሉኝ። በጣም ተናካሿን ሰጠኋቸው። በብብታቸው ይዘዋት ወረዱ፤ ስሟንም ሰማንያ አሏት። ለብዙ ዓመት እስከ ዳገቱ ማዶ «ሰማንያ! ሰማንያ!» ሲሉ ይሰማ ነበር። እሷም አድጋ ወለደች፤ በጊዜው ጠጉሯ ረገፈ። በመንገድ የሚያልፍ ሰው ድንጋይ ሊያነሣባት ሲል አያ መኳንንት ከደጃቸው ሆነው «ተው፣ አራስ ናት» ሲሉት በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

ያ ሁሉ ሰው ዛሬ የለም። የጽዱ ዛፍ ተቆርጧል። ልጄ ከእኔ በብዙ የበለጠ ተምራለች፤ መደርደሪያዋ ላይ አምስት ዓይነት የጠጉር ዘይት ደርድራለች፤ ስልኳም የማያውቀው ነገር ያለ አይመስለኝም። ያኔ ለውሻ እንኳ ጉባኤ ተቀምጦ ቀን ይሰጣት ነበር። ዛሬ ልጄ ብቻዋን፣ ከመስታወት ፊት፣ ቀን ሳትሰጥ በራሷ ላይ ስትፈርድ አገኘኋት። ማበጠሪያውን ሰጠኋትና የመከታን ነገር ነገርኳት። «ከውሻ ጋር ታወዳድሪኛለሽ?» ብላ ተቆጣች፤ ከዚያ ሳቀች፤ ከዚያ አለቀሰች።

ግድግዳው የአከራይ ስለሆነ ከሰል አይነካም። ከቀን መቁጠሪያው ጀርባ በእርሳስ እጭርላታለሁ። ዛሬ አርባ አንደኛው ነው። ጠዋት ከሥራ በፊት ቁጥሩን አይታ «እማዬ፣ አርባው ሞላ እኮ፤ ምንም የለም» አለችኝ። የወለደችው ሴት ናት። «ቀንሽ ገና ነው» አልኳት።