ለሚመጡት ልጆች የተተዉ ብረቶች

ደርግ በወደቀ በዓመቱ ካምፓላ፣ ሜንጎ ሰፈር፣ በብረት ነጋዴው በጋሽ ታደሰ ግቢ አንዲት ክፍል ተከራይቼ እኖር ነበር። የምሠራው የቤተሰብ ምጣኔ ክሊኒክ ውስጥ ነው። ከቤታቸው ጣሪያ ላይ ለሚቀጥለው ፎቅ የተተዉ ብረቶች ቆመዋል፤ ጋሽ ታደሰ "ለሚመጡት ልጆች ነው" ይላሉ። ለባለቤታቸው ለእትዬ አልማዝ ግን ሐኪም፣ አምስተኛ ልጅ ከወለዱ እንደሚሞቱ ነግሯቸዋል።

አንድ እሑድ ጋሽ ታደሰ ጣሪያው ላይ ጠሩኝ።

"አንቺ የተማርሽ ነሽ። ሐኪምም እንደሚሳሳት ለአልማዝ ንገሪልኝ።"

አንገቴን ደፋሁ። ጋሽ ታደሰም ስለ ብረት ያወሩልኝ ጀመር።

"ይኸውልሽ፣ ታጥፎ የተቃና ብረት አልሸጥም። ሲያዩት ደህና ነው፤ ድጋሚ ሲያጥፉት ይሰበራል። ቤት ሰው ላይ ይወድቃል።"

እዚያው ልብስ ሲያሰጡ የነበሩት እትዬ አልማዝ ዞር አሉ።

"ለማታውቀው ሰው ቤት ይህን ያህል ትጠነቀቃለህ። እኔ አራቴ ታጥፌ ተቃናሁ። አምስተኛውን ለምን ትጠይቀኛለህ?"

ጋሽ ታደሰ ባርኔጣቸውን አንስተው ከጣሪያው ወረዱ።

በማግስቱ ጠዋት ክሊኒኩ በር ላይ ባርኔጣቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ቆመው አገኘኋቸው። እንደ እኔው አንገታቸውን ደፍተው፣

"ለወንድ የሚሆነውን መውለድ ማቆሚያም እዚሁ ነው የምትሠሩት?" አሉኝ።