ዓይኑና አንጓዋ

ጭራ ካደገች በኋላ የመጀመሪያውን ጥፊ የቀመሰችው በአንዲት ኳስ ሰበብ ነው። ኳሷ እውነተኛ አልነበረችም፤ በኮምፒውተር ስክሪን ውስጥ ወድቃ የምትነጥር ቀይ ነገር ነበረች። ወንድሟ ከኋላዋ ቆሞ ጥቂት አየና፣ «ይሄን ፕሮግራም ማን ጫኚ አለሽ?» ብሎ ጠየቃት።

«ማንም። ነፃ ነው፤ ልሞክረው ብዬ ነው» አለች።

ከነወንበሯ ተገልብጣ ግድግዳው ሥር ስትደርስ እንኳ ጥፋቷ ምን እንደሆነ አልገባትም ነበር።

ጭራ ያሏት ሕፃን ሳለች ከወንድሟ ኋላ ስለማትጠፋ ነው። እሱ በአሥር ዓመት ያህል ይበልጣታል፤ እሷ «ወንድም ጋሼ» ትለዋለች። አባታቸው የማስታወቂያ ሰሌዳ ሠሪ ነበር። ብረት ይበይዳል፣ ቆርቆሮ ይቆርጣል፣ ፊደል ይጽፋል፣ መብራት ይዘረጋል። እጁ ለሥራም ለዱላም ፈጣን ነበር። ልጆቹን የሚገርፈው ከሥራ በተረፈ የኤሌክትሪክ ገመድ ነው። ያን ጊዜ ወንድም ጋሼ የእህቱንም ድርሻ ይቀበል ነበር፤ «እኔ ነኝ ያጠፋሁት» ይልና ጀርባውን ይሰጣል። ኋላ አባትየው አንድ ሕንፃ ላይ ሰሌዳ ሲሰቅል የረገጠው ጣውላ ከዳውና፣ ልጁ ከታች ሆኖ እያየው አስፋልት ላይ ወደቀ። ወንድም ጋሼ ኀዘኑን ሳይጨርስ ሥራ ቤቱን ከፈተ። ሥራውን ወረሰ፣ መሣሪያውን ወረሰ፣ ያንን እጅም አብሮ ወረሰ። አንድ ቀን የቀጠረውን በያጅ በጋለ ብረት ሊለው ሲል ጎረቤት ገብቶ ነው የገላገላቸው።

ከዚያ የደንበኛው ፍላጎት ተለወጠ። የቆመ ሰሌዳ ሰለቸው፤ በየመንገዱ በተተከለው ስክሪን ላይ ጫማው እንዲራመድለት፣ ጠርሙሱ እንዲሽከረከርለት ፈለገ። ወንድም ጋሼ ኮምፒውተር የሚጠግን ወዳጅ ነበረው። ጠጋኙ፣ «ትልልቆቹ ፊልም ሠሪዎች የሚጠቀሙበት ይሄ ነው፤ ከዚህ ወዲያ የለም» ብሎ የተሰረቀ ቅጂ ጫነለት። ፕሮግራሙ ሲከፈት ስክሪኑ ከዳር እስከ ዳር ቁልፍ በቁልፍ ሆነ። ወንድም ጋሼ አንዱን ይነካል፣ ሥዕሉ ይጠፋበታል፤ ሌላውን ይነካል፣ ማሽኑ ይግልና ድርቅ ይላል። እሱ ደግሞ ጠረጴዛውን ይነርታል።

ጭራ በሥራ ቤቱ ስልክ የምታነሣ፣ ደብዳቤ የምትጽፍ ነበረች። እሱ በሌለበት ሰዓት ሦስት ፕሮግራሞች አማረጠች። ለሦስቱም አንድ ዓይነት ፈተና ሰጠች፤ ኳስ ጥሎ ማንጠር። በጠጋኙ ፕሮግራም ኳሷ ገና ሳትወርድ ማሽኑ ሞተ። ሁለተኛው ፊደልና አርማ ለማንቀሳቀስ የተሠራ፣ ቀላል ነበር፤ ኳሷ ወረደች፣ ከጎን ልያት ሲሏት ግን ወረቀት ሆና ተገኘች። ሦስተኛው ማንም አውርዶ የሚጭነው ነፃ ፕሮግራም ነው። እሱ ግማሽ ቀን ፈጀባት። መጀመሪያ ኳሷ መሬቱን ሰንጥቃ ወረደች፣ ቀጥላ እንደ ላባ ተንሳፈፈች፣ በመጨረሻ ግን ክብደት አግኝታ ወደቀችና ነጠረች። ጥፊው የመጣው ያኔ ነው።

«ነፃ ነገር ለምን ነፃ ሆነ? ስለማይረባ ነዋ» አለ ወንድም ጋሼ መዳፉን እያሻሸ። «እዚህ የምንሠራው የልጅ ጨዋታ አይደለም። አጥፊው።»

አጠፋችው። ቤት ሲገቡ እናቷ ያበጠ ጉንጯን አየችና፣ «ደግሞ ምን ተናግረሽው ነው?» አለቻት።

በማግስቱ መልሳ ጫነችው። ወንድም ጋሼ ደንበኛ ፍለጋ ሲወጣ ትከፍተዋለች፤ የሞተር ሳይክሉን ድምፅ ስትሰማ ትዘጋዋለች። ከኢንተርኔት ያገኘችው ትምህርት በባዕድ ቋንቋ ነው፤ ግማሹ አይገባትም፣ የአስተማሪውን ቀስት ብቻ በዓይኗ እየተከተለች እሱ የነካውን ትነካለች። አንድ ሰው ፈጠረች። አጥንት ሠራችለት፣ ቆዳ አለበሰችው። ክንዱን ስታነሣው ሆዱ አብሮ ተጎትቶ ተነሣ። ጉልበቱ ወደኋላ ታጠፈ። ሲራመድ ጭንቅላቱ እዚያው ቀረ፤ ብቻዋን እስኪያማት ሳቀች። ይሄ ሁሉ ሲስተካከል ደግሞ እግሩ መሬት አልረግጥ አለ፤ እየተንሸራተተ ይሄዳል። ሰው እግሩን ከማንሣቱ በፊት ክብደቱን በሌላኛው ላይ እንደሚጥል ለመረዳት፣ የቀለም ቆርቆሮ ይዛ በሥራ ቤቱ ውስጥ ወዲያ ወዲህ ስትል ሰነበተች።

ያስጨነቃት ሬንደሩ ነው፤ ማሽኑ ብርሃኑንና ጥላውን እያሰላ ሥዕሎቹን አንድ በአንድ የሚያወጣበት ሥራ። ማሽኑን ያነደዋል። ወንድም ጋሼ ሲመለስ እጁን ኮምፒውተሩ ላይ ያሳርፋል።

«ምን ስትሠሪበት ነበር?»

«ደብዳቤ።»

«ደብዳቤ ነው እንዲህ ያጋለው?»

ያን ቀን ፀጉሯን ጨብጦ ግንባሯን ከጠረጴዛው ጠርዝ ጋር አጋጨው። ደሙን በጨርቅ ይዛ ወጥታ ግቢው ውስጥ ቆመች። ልትሄድ ትችል ነበር፤ ስልክ የሚያነሣ ሰው የሚፈልግ መሥሪያ ቤት አይታጣም። የፈጠረችው ሰው ግን ማሽኑ ውስጥ ነበረ፤ ገና ደረጃ መውጣት ሊማር ነው። ተመልሳ ገባች።

በመጨረሻ አንድ የሕንፃ ተቋራጭ መጣ። ለሠራተኞቹ የጥንቃቄ ማስተማሪያ አጭር ፊልም ፈለገ፤ ቀበቶ ያላሰረ ሰው ከመወጣጫው ላይ ሲወድቅ የሚያሳይ። ወንድም ጋሼ «ለእኔ ተወው» አለና በጠጋኙ ፕሮግራም ላይ ተተከለ። የፊልሙ ሰው ግን አልቆም አለው። ማስረከቢያው በደረሰበት ዋዜማ፣ ቀትር ላይ፣ የተሰረቀው ቅጂ ራሱን ቆለፈ፤ የተሠራውም ሁሉ አብሮ ተዘጋበት። ወንድም ጋሼ ራሱን በሁለት እጁ ይዞ ተቀመጠ። ጭራ አንጀቷ አልቻለም።

«ወንድም ጋሼ፣ አትቆጣ። አንተ ስትወጣ እኔ በነፃው ሠርቼዋለሁ።»

ከፈተችለት። ሰማያዊ የሥራ ልብስ የለበሰ ሰው ጣውላ ላይ ይራመዳል፤ ጣውላው ይንሸራተታል፤ የሰውየው እጅ አየር ይጨብጣል። አንድ ጊዜ ተገለበጠ፣ ወረደ። ሲያርፍ ትንሽ፣ በጣም ትንሽ ነጠር አለና ጸጥ አለ።

«ማንን ነው የጣልሽው?» አለ ወንድም ጋሼ።

«ማንንም። ሠራተኛ ነው።»

«አባባን ነው የጣልሽው። ያየሁት እኔ ነኝ፤ አንቺ አላየሽም። ከየት አመጣሽው?»

መልስ አልጠበቀም። ስክሪኑን ከጠረጴዛው ነቅሎ ግድግዳው ላይ ፈጠፈጠው። ከመበየጃው ጠረጴዛ መዶሻ አነሣና ኮምፒውተሩን ይቀጠቅጠው ጀመር። ጭራ ምን እንደነካት አታውቅም፣ ልጇን እንደምታድን እናት እጇን በላዩ ዘረጋች። መዶሻው የቀኝ እጇ አንጓ ላይ አረፈ። አጥንቱ እንደ ደረቅ ጣውላ ሲሰበር ሰማችው። መዶሻው እንደገና ወደ ላይ ሲነሣ አየች፤ ለማሽኑ ይሁን ለእሷ ለይታ አላወቀችም። በግራ እጇ ቆርቆሮ የሚቆርጡበትን የብረት ማስመሪያ ከጠረጴዛው ላፍ አድርጋ በስለቱ በኩል ወደ ፊቱ ሰነዘረችው።

መዶሻው ከእጁ ወደቀ። ፊቱን በመዳፉ ሸፈነ፤ ደሙ በጣቶቹ መሐል እየወጣ ኪቦርዱ ላይ ይንጠባጠባል።

«ጭራ፣ አይታየኝም» አለ።

አልተጠጋችውም። ማስመሪያውን እንደያዘች ቆመች፤ በያጁ ደርሶ ጣቶቿን አንድ በአንድ እያላቀቀ እስኪወስድባት ድረስ።

ሁለቱንም የወሰዷቸው አንድ ሆስፒታል ነው። እናታቸው ኮሪደሩ ላይ ከአንዱ በር ወደ ሌላው ስትመላለስ ዋለች። የወንድ ልጇ አንድ ዓይን አልተረፈም። ፖሊስ ሲመጣ እናትየው በጭራ ጆሮ ሥር፣ «ከመሰላል ወድቀን ነው በዪ» አለቻት።

ጭራ ግን፣ «አንጓዬን የሰበረው እሱ ነው። ዓይኑን ያጠፋሁት እኔ ነኝ» አለች።

ፖሊሱ ወደ ወንድም ጋሼ ዞረ። እሱ በፋሻው ውስጥ ሆኖ፣ «እንዳለችው ነው» አለ። ሁለቱም አንከስም ስላሉ ፖሊሱ አስፈርሟቸው ሄደ።

ጭራ ከሆስፒታሉ ወደ ቤት አልተመለሰችም፤ አክስቷ ዘንድ ገባች። ከተሰባበረው ኮምፒውተር ውስጥ ሃርድ ዲስኩን አስፈታች፤ ጎበጥ ብሏል እንጂ ይሠራ ነበር። በተዋሰችው ማሽን፣ ማውሱን በግራ እጇ እየገፋች፣ ዘግይታም ቢሆን ፊልሙን ጨርሳ ለተቋራጩ አስረከበች። ሰውየው ወደደው፤ ሌላም ሥራ ላከላት።

ወንድም ጋሼ ግን በአንድ ዓይን ርቀት መገመት ከዳው። ውኃ ሲቀዳ ከብርጭቆው ጎን ያፈሳል። ደረጃ ሲወርድ እግሩ ባዶ ይረግጣል። ብሩሹ ከሰሌዳው ሳይደርስ የደረሰ ይመስለዋል፤ መሰላል ላይ መውጣት ቀረ፣ በያጁም ሌላ ሥራ ያዘ። እናትየው አክስቷ ቤት መጥታ ለመነቻት።

«አይነካሽም ልጄ። እጁ ሞቷል።»

«የሞተው ዓይኑ ነው እማዬ። እጁ ደህና ነው።»

በኋላ ራሱ መጣ። በሩ ላይ ቆመና፣ «ያንን ፕሮግራምሽን አሳዪኝ» አለ።

«በሩ ክፍት ይሆናል» አለችው። «በበሩ በኩል የምቀመጠው እኔ ነኝ። ጠረጴዛው ላይ ከማውስና ከኪቦርድ ሌላ ነገር አይኖርም። እጅህ ካረፈብኝ ያን ቀን አበቃ።»

«እሺ።»

ይቅርታ አልጠየቃትም። እሷም አልጠየቀችውም።

የመጀመሪያውን ሳምንት ሁለቱም ትንፋሻቸውን ይዘው ነው የሠሩት። አንድ ከሰዓት፣ ስክሪኑ ውስጥ ባለ ጠረጴዛ ላይ ስኒ አስቀምጥ አለችው። ስክሪን ጥልቀት የለውም፤ ሁለት ዓይን ያለውም አንድ ዓይን ያለውም የሚያየው ያንኑ ጠፍጣፋ መስታወት ነው፤ የቱ ከፊት የቱ ከኋላ እንደሆነ ለማወቅ ሁሉም ሰው ሥዕሉን ማዞር አለበት። ወንድም ጋሼ አዞረ፣ ከላይ አየ፣ ከጎን አየ፣ ስኒዋን ከጠረጴዛው ጋር ልክክ አድርጎ አስቀመጣት። ከዚያ እጁን ከማውሱ አላነሣም። ያቺን ስኒ ሲያዞራት፣ ሲያነሣት፣ ሲያስቀምጣት ዋለ። ጭራ አላቋረጠችውም። ብርሃን ደግሞ ከድሮም ያውቃል፤ ስንት ሰሌዳ ላይ መብራት ዘርግቷል። ብዙም ሳይቆይ ጥላ የት እንደሚወድቅ ከእሷ ቀድሞ ይናገር ጀመር።

ቁጣው ግን የት ይሄዳል? አንድ ቀን ስንት ሰዓት የጠበቀው ሬንደር ሙሉ በሙሉ ጥቁር ሆኖ ወጣ። ወንበሩን ወርውሮ ተነሣ፤ ቡጢው አየር ላይ ወጣ። ጭራ ከመቀመጫዋ አልተነቃነቀችም።

«ያቺን አንዷን ዓይንህን ተጠንቀቅላት» አለችው።

ቡጢው እላይ ተንጠልጥሎ ቆየ። ከዚያ ወጣና የግቢውን የቆርቆሮ አጥር የእጁ መገጣጠሚያዎች እስኪላጡ ደበደበው። አክስታቸው ከጓዳ ሆና፣ «አጥሩ ምን አደረገህ?» ስትል ተሰማ። ታጥቦ ተመለሰና ወንበሩን አቅንቶ ተቀመጠ።

«መብራቱን ማብራት ረስቼ ነው» አለ።

እንዲህ እያሉ ዓመት ገፉ። እሷ እንቅስቃሴውን፣ እሱ ብርሃኑንና ሬንደሩን። የድሮውን ሥራ ቤት አንድ ላይ አስጠግነው ከፈቱ፤ ቁልፉ እሷ ጋ ነው። አንድ የጨዋታ ሠሪ ድርጅት ሁለት ሰዎች በቡጢ የሚደባደቡበትን ትዕይንት አዘዛቸው። ጭራ እውነተኛ አካል ሲሰነዝርና ሲወድቅ ማየት ፈለገች፤ ስልኳን ማቆሚያው ላይ ተክላ ቀረጻ ከፈተችና ወንድም ጋሼን፣ «ቁም እስቲ፤ ሰንዝርና ሳትነካኝ አቁም» አለችው።

«ሌላ ሰው ብናመጣስ?»

«ለአንድ ደቂቃ ነው።»

ቆመ። እጁን አነሣ። በዚያች ቅጽበት ምሳ ይዛላቸው የመጣችው አክስታቸው በሩ ላይ ደረሰች፤ ምሳውን ጥላ ያገኘችውን የመጥረጊያ እንጨት ይዛ ጀርባው ላይ ታወርደው ጀመር። «አክስቴ፣ ሥራ ነው፣ ሥራ ነው» እስኪሉ ሦስት ጊዜ አቅምሳዋለች።

አስቀምጠዋት፣ ውኃ ሰጥተዋት፣ የተቀረጸውን አዩት። ቡጢው ገና ከትከሻው ሳይነሣ ጭራ ራሷን በሁለት ክንዷ ሸፍና አንገቷን ቀብራ ነበር። ወንድም ጋሼም ወደፊት አልሰነዘረም፤ በሌላኛው እጁ የቀረችውን ዓይኑን ጋርዶ ወደኋላ ያፈገፍጋል። አክስታቸው ከመግባቷ በፊት ነው ይሄ ሁሉ።

ከጎረቤት ጋራዥ ሁለት መካኒኮች ጠርተው አደባደቧቸው። መካኒኮቹ ሲወዳደቁ በሳቅ ሊሞቱ ነው፤ ሳቁን ጭራ በኋላ ከፊታቸው ላይ አነሣችው። የእሷንና የወንድሟን ቀረጻ ግን ከስልኳ ሰረዘችው።

«አጠፋሽው?» አለ ወንድም ጋሼ ከስክሪኑ ላይ ዓይኑን ሳያነሣ።

«አዎ።»

«ጥሩ» አለና መብራቱን ወደ ግራ ገፋው።