ለአቶ ጅግሶ ያልተመቸው ካርታ

ባለፈው ሳምንት አንዲት ተማሪዬ ላፕቶፗን ይዛ ቢሮዬ መጣች። ሲነኩት መረጃ የሚያሳይ ካርታ ሠርታለች። «የሞከሩት ሰዎች አጠቃቀሙ አልገባቸውም፤ ሥልጠና ያስፈልጋቸዋል» አለችኝ። ሰሚር ትዝ አለኝ።

ሰሚር እዚሁ ዲላ ሁለተኛ ዲግሪያችንን ስንሠራ ጓደኛዬ ነበር። አባቱ ገበያው አጠገብ ጨርቅ ይሸጡ ነበር። ለመመረቂያው በታብሌት የሚከፈት የዝናብ ካርታ ሠራ፤ ቡና የሚያጥቡና የሚያደርቁ ጣቢያዎች እንዲጠቀሙበት ነበር ሐሳቡ። ይመች እንደሆነ ግን በሰው መፈተሽ ነበረበት። ሠሪው የራሱን ሥራ መገምገም ስለማይችል ተመልካቿ እኔ ሆንኩ።

በቡና ለቀማ ወቅት በሞተር ሳይክል ኮንጋ ቀበሌ ወዳለ አንድ ጣቢያ ወጣን። መንገዱ ቀይ ጭቃ ነው፤ ከጣቢያው የቡና ገለፈት ሽታ፣ ጣፋጭም ኮምጣጣም የሆነው፣ ከሩቅ ይቀበላል። ኃላፊው አቶ ጅግሶ ቆጮ በጎመን ካላበሉን ሥራ እንደማይጀመር ነገሩን። በላን።

ከዚያ ታብሌቱን ሰጠናቸው። «በዚህ ሳምንት ብዙ የዘነበው የት ነው?» አልኳቸው። ደንቡ ሞካሪውን አለማገዝ ነው። አንዱን ቀለም ነኩ፤ አልተከፈተም። ደግመው ሲነኩት ካርታው ተንሸራቶ ጠፋ። ሠራተኞቻቸው ቆመው ያያሉ። ጣታቸውን በኮታቸው ጠረጉና እንደገና ሞከሩ። ሰሚር እጁን ሊዘረጋ ሲል እጅጌውን ያዝኩት።

«አበላሸሁባችሁ መሰለኝ» አሉ በመጨረሻ። «ይቅርታ፣ እኔ ብዙ አልተማርኩም።»

«ኧረ ጋሼ፣ ጥፋቱ የካርታው ነው» አለ ሰሚር። ፊቱ ግን ጠቁሮ ነበር።

ስንመለስ «የእሳቸውን ውጤት ብንተወውስ?» አለኝ።

«የሚጠቀሙበት እኮ እሳቸው ናቸው» አልኩት።

 ያየሁትን እንዳለ ጻፍኩ፤ ፈታኞቹ ካርታውን እንዲያሻሽል ስላዘዙት ምርቃቱ ተላለፈ። አባቱ ከቡታጅራ የጠሯቸው ዘመዶች ቀሩ። ሰሚር ለሳምንታት ሲያየኝ መንገድ ይቀይር ነበር።

በጋውን ግን ብቻውን ኮንጋ ተመላለሰ። ሰዎቹ አጠገብ እየተቀመጠ ጣታቸው የት እንደሚሄድ ያያል። የቀበሌዎቹን ስም በትልቁ ጻፈ፤ አንዴ ሲነኩት እንዲከፈት አደረገ። ከዚያ መጥቶ «አሁንም ተመልካቿ አንቺ ነሽ» አለኝ።

አቶ ጅግሶ ኮንጋን ነኩ፤ ተከፈተ። ቀጥለው፣ ሳንጠይቃቸው፣ ባንኮ ጎቲቲን፣ ከዚያም ጨለለቅቱን ነኩ፤ የጎረቤቱን ዝናብ ለሠራተኞቻቸው ጮክ ብለው ይነግሩ ጀመር። ሰሚር ተነሥቶ ወጣ። የቡና ማድረቂያ አልጋዎቹ ጋ ጀርባውን ሰጥቶን ቆሞ አየሁት። 

ሰው ያልተመቸው ዕቃ ሲያጋጥመው ራሱን ይወቅሳል፤ ይህን ደግሞ አጠገቡ ያልተቀመጠ አያየውም።

«ሲሞክሩት ፊታቸውን አይተሻል?» አልኳት ተማሪዬን።

«አላየሁም፤ መጠይቅ ነው የላክሁላቸው።»

 ላፕቶፗን ዘጋችና «መቼ ብንሄድ ይመችዎታል?» አለችኝ።