ያልተበላው ቱና

የሚካኤል ዕለት ነበር፣ ጥቅምት አሥራ ሁለት፣ ትላለች የብርጓል። ቆየት ብላ ደግሞ «አይ፣ ማግስቱ ይሆናል» ትላለች። ሮብ መሆኑን ግን አትጠራጠርም፤ ጾም ባይሆን ኖሮ ቱና አትከፍትም ነበር።

ሉማሜ ላይ፣ ከዋናው መንገድ ዳር ሻይ ቤት አላት። የማርቆሱ አውቶቡስ ለምሳ ሲቆም አንድ ሽበታም ሰው ወርዶ በሩ አጠገብ ተቀመጠ።

«ሽሮው አልቋል ጋሼ። ቱና በዳቦ ላድርግልዎት?»

«ቄሶቻችሁ በጾም ዓሣ ፈቀዱ እንዴ?»

«አልፈቀዱም። ቆርቆሮ ውስጥ ሲሆን ግን አላየንም ይላሉ።»

ሰውዬው ፈገግ ብሎ «እሺ፣ አድርጊልኝ» አለ። ዳቦው ላይ አፍስሳ ያስቀመጠችውን ባዶ ቆርቆሮ አንስቶ የዓሣውን ሥዕል አገላብጦ አየ።

«ይህን በቁሙ አውቀዋለሁ» አላት። «ባሕር ኃይል ነበርኩ፣ ምጽዋ። ሲሮጥ ጀልባችንን ጥሎ ይሄዳል። ትንንሾቹን ዓሦች እያሳደደ ሲበላ ውሃው ይፈላል። ቆሞ አያውቅም፤ ከቆመ ትንፋሽ አጥሮት ይሞታል።»

የብርጓል ቢላዋውን አስቀመጠች። ወንድሟ እንዳላማውም ምጽዋ ባሕር ኃይል ነበር። ሰማንያ ሁለት ላይ ደብዳቤው ቆመ፣ መርዶም አልመጣ። መርዶ ስላልመጣ ተዝካር አልወጣለትም፤ እናቷም ሳታለቅስለት ሞተች። የብርጓል ራሷ ከዚያ ወዲህ ለቅሶ ቤት ስትሄድ እንባ አይመጣላትም፤ ሰው እንዳይታዘባት ነጠላዋን ፊቷ ላይ ትጎትታለች።

የወንድሟን ስም ልትጠራለት ፈለገች። ግን እንግዳ ምግብ ሳይቀምስ የሞተ ሰው ነገር አይነሳበትም። ይብላ፣ ከዚያ እጠይቀዋለሁ አለች በልቧ።

ሳህኑን አቀረበችለት። «ይቅመሱ እንጂ።»

«እበላለሁ።» ዳቦውን ለሁለት ከፈለው፤ መልሶ ገጠመው። «ያኔ ጥሬውን በሎሚ ነበር የምንበላው። ሥጋው ቀይ ነው። አንድ የጎጃም ልጅ ነበር አብሮን፤ ‹ይሄማ ብርንዶ ነው እንጂ ዓሣ አይደለም› ይል ነበር።»

«አንዴ ብቻ ይጉረሱ» አለች የብርጓል፣ ሳህኑን ወደ እሱ እየገፋች።

ሰውዬው ሳህኑን ያያል፤ እሷ እጁን ታያለች።

ውጭ ረዳቱ የአውቶቡሱን ጎን ደበደበ። «ማርቆስ! የማርቆስ ግቡ!»

«ለመንገድ ልጠቅልልዎት» ብላ ወረቀት ፍለጋ ጓዳ ገባች። ስትመለስ ወንበሩ ባዶ ነው። አውቶቡሱ ከባጃጆቹ ማዶ መታጠፊያውን ይዟል። የሰውዬውን ስም እንኳ አልጠየቀችም። ዳቦው እንደተገጠመ ሳህኑ ላይ ቀርቷል።