የምክር ወንፈል

እኔ ግትር ነኝ፤ የሚያውቀኝ ሁሉ ይመሰክራል። በጣሊያን ጊዜ፣ ከደብረ ማርቆስ የግማሽ ቀን መንገድ ርቀን ስንኖር፣ ግትርነቴ ልጄን ሊያሳጣኝ ነበር።

ባሌ አርበኛ ሆኖ ዱር ገብቷል። ጤፉን ልጄን አዝዬ ብቻዬን አረምኩ፤ አጨዳውን ከጎረቤቴ ጋር በወንፈል ጨረስን፣ አንድ ቀን የእሷን፣ አንድ ቀን የእኔን። የቀረኝ መውቃት ነበር። አንድ ጠዋት ከገበያ የተመለሱ ሰዎች፣ «ጣሊያን የአርበኛ ቤት እያቃጠለ ወደዚህ እየመጣ ነው» አሉ። ሮጬ ጎረቤቴ ዘንድ ሄድኩ፤ የእሷም ባል ዱር ነው። ሽምብራ እየነቀለች ነበር።

«ለእፍኝ ሽምብራ ልትሞቺ ነው? ዛሬውኑ ውጪ!» ብዬ ተቆጣኋት። ሰማችኝ።

እኔ ግን ቤቴ ገብቼ በሬዎቼን ወደ አውድማው ነዳሁ!

ከሰዓት በኋላ ጓዟን ተሸክማ፣ መንገዷን ትታ ወደ እኔ ዞረች። አውድማው ላይ ስታየኝ ክው አለች።

«ምነው፣ አልተነሳሽም?»

«ሁለት ቀን ብቻ። አይመጡም፤ ልቤ ነግሮኛል።»

«ወይ ጉድ! ልብሽ ለእኔ ሽምብራ ሲሆን ይመጣሉ፣ ላንቺ ጤፍ ሲሆን አይመጡም አለሽ?»

«ስንት የለፋሁበትን!» ብዬ ጮህኩባት።

«ጠዋት አንቺ ወሰንሽልኝ። ወንፈል አይደል? አሁን ተራው የእኔ ነው። ተነሺ! ካልተነሳሽ እኔም እዚሁ ነኝ» አለችና ጓዟን አውርዳ ጭዱ ላይ ቁጭ አለች።

እየረገምኳት፣ እያለቀስኩ ልጄን አዘልኩ። ወደ ዓባይ በረሃ ወረድን። በማግስቱ ገደሉ አፋፍ ላይ ወጥተን የመንደራችንን ጭስ አየን። ልጄ ጡቴን ይዛ ትጠባ ነበር።

ልብ ሁልጊዜ ይዋሻል አልልም። ዝናብ ሊመጣ ሲል ልቤ ይነግረኛል፣ አይስትም፤ ስንት ክረምት አይቷል። የወታደርን ነገር ግን መች ያውቅና! የተመኘሁትን ነበር መልሶ የሚነግረኝ። ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ ይባል የለ፤ እኔም ተስፋውን ለራሴ አተልቄ ቆረስኩ።

ከዚያ ወዲያ ልጅ ስንድርም ሆነ በሬ ስንሸጥ፣ አንዷ ለሌላዋ ሳትወስን ነገር አንቆርጥም ነበር። ነፍሷን ይማረውና፣ ያንን ቀን ባነሳሁላት ቁጥር፣ «ተይ እቴ፣ ወንፈል ነው፤ ተካክለናል» ትለኝ ነበር።

የት ተካክለን! እኔ መክሬያት ወደ ጤፌ ሄድኩ። እሷ ግን አብራኝ ልትሞት ቁጭ አለች።