ከሮቃው በላይ የተንሳፈፈው ክብ ነገር

ሸዋ ሮቢት አልጋ ይዞ ያደረ መንገደኛ ስንቱ ፋዲላ ባጠበችው አንሶላ ላይ ተኝቷል፤ ስሟን የጠየቀ ግን አንድ የለም። ጠዋት ይነሣና «ሙቀቱ አላስተኛ አለን» ብሎ ለሰማይ ለምድሩ አማርሮ መኪናው ላይ ይወጣል። እሷ ጓሮ ሆና በግራ እጇ አንሶላ ትጨምቃለች። ግራኝ ናት። ዕድሜዋን ሲጠይቋት፣ «ግሪሳ ወፍ የቀወትን ማሽላ በበላበት ዓመት ትንሽ ልጅ ነበርኩ» ትላለች፤ ግሪሳ ማሽላውን ያልበላበት ዓመት ስለሌለ ዕድሜዋ ሳይታወቅ ይቀራል።

እናቷ ሙሀባ በቀወት ቆላ ማሽላ ጠባቂ ነበረች። ማሽላ መጠበቅ የወንድ ሥራ ነው ይባላል፤ ማማ ላይ ወጥቶ ወንጭፍ መወንጨፍና መጮህ። ባሏ የሞተባትን ሴት ግን ሥራ የወንድ የሴት ብሎ አይመርጣትም። ፋዲላ የወተት ጥርሷን ሳትጨርስ ሙሀባን ወባ ወሰዳት። ልጅቷ የእናቷን ፊት አታስታውሰውም፤ ፎቶም የላትም። ያኔ በዚያ መንገድ ካሜራ ይዞ የሚያልፍ ሰው ተራራውን ያነሣል፣ ግመሉን ያነሣል። ማሽላ ጠባቂ ሴት ማን ከሰው ቆጥሮ ያነሣል?

የሚሊኒየሙ ዓመት ገብቶ ከተማው ሁሉ ግድግዳውን ቀለም ሲቀባ፣ የሆቴሉ ባለቤት ጋሼ አሰግድም ከአባታቸው የወረሱትን ቤት ሊያድሱ ተነሡ። ፋዲላ ከአንዱ ክፍል አሮጌ መስተዋት አውርዳ ስትወለውል የጀርባው ጣውላ ተገነጠለና ከውስጡ የድሮ መንገደኛ የተወው የሚመስል ጥቁርና ነጭ ፎቶ ወደቀ። የማሽላ ማሳ ይታያል። ከማሳው ዳር ትልቅ የሮቃ ዛፍ፣ ከሥሩ ያዘመመ ማማ። ከሮቃው በላይ፣ ባዶው ሰማይ ላይ፣ ጠርዙ የሚያበራ ክብና ጠፍጣፋ ነገር ተንሳፍፏል።

እሷ ፎቶውን እንደያዘች ደርቃ ስትቀር ጋሼ አሰግድ ከእጇ ወሰዱት። መነጽራቸውን አድርገው አዩ፤ መነጽራቸውን አውልቀው አዩ። ምሳ ሳይደርስ በረንዳው ሰው ሞላ።

«በራሪ ሳህን ነው» አለ አንዱ።

«የፈረንጅ መሰለያ ነው እንጂ!»

ጎረቤቱ ጀውሃ ከተማ መኪናውን አቁሞ በባጃጅ የመጣ የከባድ መኪና ሾፌር፣ «እኔንም አንድ ሌሊት ጀውሃ ላይ እንዲህ ያለ ነገር ተከትሎኛል» አለ።

«ስንት ጠጥተህ ነበር?»

«ሁለት ብቻ።»

«ሁለት ጠርሙስ ወይስ ሁለት ሳጥን?»

ወሬው እግር አውጥቶ ደብረ ሲናን ወጣ። በዚያው ሰሞን ግሪሳው እንደ ደመና ወርዶ የቀወትን ማሽላ እየላሰው ነበር። ገበሬዎቹ መድኃኒት የሚረጭ አውሮፕላን ይምጣልን እያሉ ለፍልፈው አፋቸው ደርቋል፤ ዞር ብሎ ያያቸው የለም። ለፎቶው ግን ባለሥልጣን በመኪና ተግተልትሎ መጣ፤ ጥላ ሥር ተቀምጦ ጥብስ በላ፣ ሰማይ ሰማይ አየ፣ ሄደ። ጆሯችን እንዲህ ነው። ከሰማይ ለሚመጣ እንግዳ ወለል ብሎ ይከፈታል፤ ከማሳ ለመጣ ሰው ጥጥ ይወተፍበታል።

ሰው ጋብ ሲል ፋዲላ ጋሼ አሰግድ ዘንድ ቀረበች።

«ጋሼ፣ እሷ የእናቴ ሰፌድ ናት።»

«ምን አልሽ?»

«ሰፌድ። እናቴ ወንጭፍ አልሆንላት ሲል ሰፌድ እያሽከረከረች ወደ ላይ ትወረውር ነበር። ግሪሳው ጭልፊት መጣ ብሎ ይበተናል። ሮቃውን አውቀዋለሁ፤ ሥሩ ነው ያደግኩት። ማማውን አባቴ ነው የሠራው፤ ከጅምሩም አዝምሞ ነበር። እናቴ ‹አንድ ነገር እንኳ አቃንቶ ሳይሠራ ሞተ› እያለች ትስቅ ነበር።» ቀጥላም፣ «ፎቶውን ይስጡኝ። የእሷ የሆነ ሌላ ምንም የለኝም» አለች።

ጋሼ አሰግድ ክፉ ሰው አይደሉም። ነገር ግን ለሆቴሉ «ሰማያዊ እንግዳ» የሚል ስም አውጥተው ሰሌዳውን የሚጽፍ ሰዓሊ ቀጥረዋል። ወዲያ ወዲህ አሉና፣ «እንግዲያው ሰፌድሽ ይብረርና ልየው። መሲ ታንሣው። ይህን ከመሰለ ፎቶው ያንቺ ነው» አሏት።

«ካልመሰለስ?»

«ካልመሰለ ግድግዳዬ ላይ ይሰቀላል፤ አንቺም አቧራውን ትወለውይልኛለሽ።»

መሲ መናኸሪያው ፊት ለፊት ፎቶ ቤት ያላት፣ ሠርግና ጉርድ ፎቶ የምታነሣ ልጅ ናት። በተቀጠረው ቀን ካሜራዋን አንግታ ከከተማው ቅርብ ባለ ማሽላ ማሳ ዳር ቆመች፤ ከተማውም ተከትሎ ወጣ። ፋዲላ ለክብሩ ብላ ከገበያ ቀይና አረንጓዴ ጥለት ያለው አዲስ ሰፌድ ገዝታለች። አሽከርክራ ወረወረችው። ሰፌዱ ነፋሱ ላይ ተንገዳገደ፣ ተገለበጠና የቆመ አህያ ጀርባ ላይ አረፈ። ግሪሳው ከማሽላው ቀና ብሎ እንኳ አላየም።

«መንኮራኩሩ ነዳጅ ጨረሰ!» አለ ከሰው መሃል አንዱ።

«አይ፣ አህያዋን ሊጭን ነው የወረደው።»

ፋዲላም ከሰው ጋር ሳቀች። ቤቷ ስትገባ ግን አዲሱን ሰፌድ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙራ አቆመችው።

በማግስቱ ጓሮ ውስጥ አንሶላ ስታሰጣ ደረቁን አንሶላ ነፋስ ከገመዱ ላይ ነጥቆ አጥሩ ላይ ጣለው። እርጥቡ ንቅንቅ አላለም። ቆማ አየችው። ያን ጊዜ ሽታው መጣላት፤ ፀሐይ ላይ የደረቀ እበት ሽታ። በቀወት ያረጀ ሰፌድ አይጣልም። ቀዳዳው በእበት ይለቀለቃል፣ ይደርቃል፣ ሌላ ዕድሜ ያገኛል። የእናቷም ሰፌድ እንዲያ ያለ ነበር፤ ከባድ፣ የቆዳ ጠርዙ በእጅ ብዛት የሚያበራ። እሷ ግን ፎቶ ይነሣል ሲባል ደህናውን ይዛ ወጣች። ቢሆንስ፣ ሊነሣ ሲጠራ ያማረውን ትቶ እበት የተለቀለቀ ሰፌድ ይዞ የሚወጣ የዚህ አገር ሰው ማን ነው?

ሽንኩርት ነጋዴዋ ጌጤ ዶሮ የምታሳቅፍበት አሮጌ ሰፌድ ነበራት።

«ዶሮዋንም ልጨምርልሽ?» አለች ጌጤ።

«እሷ ትቅር፤ መብረር አትችልም።»

ለቅልቃ አደረቀችው። ለሁለተኛ ጊዜ ስትወጣ ከተማው አልተከተላትም፤ ስቆ ጠግቧል። መሲና ጋሼ አሰግድ ብቻ አብረዋት ሄዱ፤ ወደ ራሱ ወደ ሮቃው። ማማው የለም፤ ዛፉ ግን እንዳለ ነው።

«እትዬ ፋዲላ፣ ሲዘጋጁ ይንገሩኝ» አለች መሲ።

«ቢስሚላህ ስል ነው።»

ቢስሚላህ አለች። ከወገቧ ተጠማዝዛ ለቀቀችው። ሰፌዱ እየተሽከረከረ ወጣ፣ ወጣ፣ ከሮቃው አናት በላይ ቀጥ ያለ መሰለ። ማሽላው ላይ የሰፈረው ግሪሳ በአንዴ እንደ ነጠላ ተገፍፎ ተነሣ፤ ተጠቀለለና ወደ ወንዙ ሸሸ። ከማሳው ውስጥ አንድ ገበሬ ብቅ ብሎ፣ «እናቴ፣ ድገሚው!» አለ። ደገመችው። ጋሼ አሰግድ ኮታቸውን አውልቀው፣ «እስቲ እኔም» አሉ፤ የእሳቸው ሮቃው ላይ ተሰቅሎ በድንጋይ ወረደ።

ፊልሙ ደብረ ብርሃን ታጥቦ ሲመለስ መሲ ሁለቱን ፎቶዎች ጎን ለጎን ጠረጴዛ ላይ አኖረች። ያው ክብ ነበር፤ ያው የሚያበራ ጠርዝ። ጋሼ አሰግድ ብዙ አዩና፣ «መንኮራኩሬ ባለ እበት ሆነ» አሉ። አሮጌውን ፎቶ በሁለት እጃቸው አነሡና ሰጧት።

«አንድ ነገር ልይ» አለች መሲ፤ አሮጌውን በካሜራዋ መልሳ አንሥታ አጉልታ አሳተመችው። ከማሽላው ራስ በላይ ሁሉም አገዳ ነው ብሎ ያለፈው ነገር ክንድ ነበር። አምስት ጣት ተዘርግቷል፤ ሰፌዱን ገና መልቀቁ ነው። የሙሀባ ፊት ግን ማሽላው ውስጥ ቀርቷል።

ፋዲላ የራሷን እጅ አጠገቡ ዘረጋች። «ግራ ናት» አለች። «ግራኝነቴን ከማን እንደወሰድኩት ሲጠይቁኝ የምለው አጥቼ ነበር።»

አውሮፕላኑ በዚያ ዓመትም አልመጣም፤ በሚቀጥለውም። ኅዳር በባተ ቁጥር ግን የሮቃው ሥር ገበሬዎች ፋዲላን ሊወስዱ አህያ ይዘው ይመጣሉ፤ ልጆቻቸውንም አወራወሩን ታስተምራለች። ሆቴሉ «ሰማያዊ እንግዳ» እንደተባለ ቀረ። ፎቶው ከአልጋዋ ራስጌ ተሰቅሏል።

ያ የጀውሃ ሾፌር አንድ ቀን ጓሮ ብቅ ብሎ፣ «እትዬ ፋዲላ፣ ታዲያ እኔን ሌሊት የተከተለኝ ምንድን ነው?» አላት።

«ሚስትህ ትሆናለች» አለችው፤ በግራ እጇ አንሶላውን አራግፋ ገመዱ ላይ ጣለችው።