ለአራተኛው አልበም ብቻውን የቆመው ሰይድ

ከማል ዛሬ ጠዋት ደውሎ «ጋሼ ብርሃኑ፣ ሰይድ አለፈ» ሲለኝ «የትኛው ሰይድ?» አልኩት። የገዛ ወንድሙን መርዶ የሚያረዳኝን ልጅ፣ የትኛው ብዬ ጠየቅኩት። አሁንም ሌላ ሰይድ ቢሆን ደስ ይለኝ ነበር። እግዜር ይቅር ይበለኝ።

ሱቁን ሊከፍት ቁልፉን እንደያዘ በሩ ላይ ወደቀ አሉ። ሐኪም ቤት እንኳን አልደረሰም። ትናንት ደህና ነበር፤ እንደ ወትሮው በቴሌግራም ሲሰድበኝ ነው የዋለው።

ይሄን የምጽፈው ጣርማ በር ላይ ቆሜ ነው። ከደብረ ብርሃን የተሳፈርኩበት ሚኒባስ ዋሻው አፍ ላይ ተገትሯል። ውስጥ የጭነት መኪና ተበላሽቶ መንገዱን ዘግቶታል። በእግርም አያሳልፉም፤ ጭሱ ሰው ያፍናል ይላሉ። ሰይድ ደግሞ ዛሬውኑ ከሰዓት በኋላ፣ ከዐስር ሶላት ቀጥሎ ይቀበራል። የሸዋ ሮቢት ሰዎች ታውቃላችሁ፣ ጀናዛ አይቆይም፣ በዚያ ሙቀት ደግሞ ጭራሽ። መቸኮል የማይወደውን ሰው ዛሬ እያስቸኮሉት ነው።

እባካችሁ ደብረ ሲና ያላችሁ፣ ሞተር ያለው ሰው ካለ ከዋሻው ማዶ ይጠብቀኝ። ሌላ የማደርገው ጠፍቶኛል። ዝም ብዬ ከቆምኩ ደግሞ የማብድ ስለመሰለኝ እጽፋለሁ።

ለማታውቁት፣ ሰይድ ሸዋ ሮቢት ገበያው አጠገብ ሞባይል ይጠግን ነበር። ከዚያ በፊት ካሴት ይቀዳ ነበር። ጎረምሶች ሳለን የከባድ መኪና ሾፌር የነበረው አጎቱ የአንድ የውጭ ሮክ ባንድ ካሴቶች አመጣለት። የሚሉትን አንሰማም፣ ጊታሩ ግን ያዘን። ሰይድ እየቀዳ ለእኛም፣ እስከ ማጀቴ ላሉ ልጆችም አዳረሰ። ይፋት ቆላ ውስጥ ያንን ባንድ የሚወድ ሰው ካጋጠማችሁ የሰይድ እጅ አለበት።

ከዚያ ክርክሩ መጣ። ከአልበሞቹ ሁሉ ደካማው የትኛው ነው?

አራተኛው ነው አልን ሁላችንም። ዘፋኙ እንቅልፉ የመጣ ይመስላል፣ ከበሮው ይጎተታል። እኔማ «ይሄን የቀረጹት ከምሳ በኋላ ነው» እያልኩ እሳለቅ ነበር። እምቢ ያለው ሰይድ ብቻ ነው። የተፈታታ ስልክ ላይ እንዳቀረቀረ፣ ቀና እንኳን ሳይል፣ «አብሽር ብሬ፣ ደግመህ ስማው» ይለኛል። ስንቱን ነገር በዚህች ቃል ዘጋብኝ።

አባቴ የሞተ ጊዜ ድንኳኑ እስኪነሳ ከአጠገቤ አልተለየም። ሰው ሁሉ እግዜር ያጽናህ ሲለኝ እሱ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ «አራተኛው አልበም ላይ የመጨረሻው ዘፈን ለዚህ ቀን የተሠራ ነው» አለኝ። ለቅሶ ቤት ውስጥ ሳቄ ሊያመልጠኝ ነበር። አንጀቴ የራሰው ግን ያኔ ነው።

ከዓመታት በኋላ ኢንተርኔት እጃችን ሲገባ አልበሙን አወረድኩት። ጆሮዬን ማመን አቃተኝ። ዘፋኙ ንቁ ነው፣ ከበሮው ይጋልባል። ለካ አጎቱ ያመጣው አራተኛው ካሴት ያን ሁሉ መንገድ የመጣው ከመኪናው መስታወት ሥር ጸሐይ ላይ ተቀምጦ ነው። ክሩ ተለጥጦ ዘፈኑን ሁሉ አዘገየው። ሰይድ ለአገር ምድሩ የቀዳው ከዚያው ከተለጠጠው ነው። እና እኛ ስንት ዓመት የተጨቃጨቅነው ጸሐይ ባላላው ክር ላይ ነበር። ባንዱ የለበትም።

ወዲያው ሁሉም ተገለበጠ፣ አራተኛው ምርጥ ነው ተባለ። ጓደኞቼን ይዤ ሰይድን «ልክ ነበርክ» ልንለው ሱቁ ሄድን። ማዳመጫውን ጆሮው ላይ አድርጎ እስከ መጨረሻው ሰማና አውልቆ «ይሄማ ደካማ ነው» አለን። «ወዴት ነው የሚሮጠው? ማን እያባረረው ነው?»

ከዚያ ወዲህ ዓለም ሲያሞግሰው እሱ ብቻ ደካማ ነው ይላል። የእኛው ዘገምተኛው ነው ትክክለኛው ይላል። እኔም እናደዳለሁ፣ እሱም ይደሰታል። ሌላው ሰው እንዳይጣላኝ ብሎ እሺ ይለኛል፤ ሰይድ እሺ ብሎኝ አያውቅም። ከእንግዲህ ከማን ጋር ልጨቃጨቅ? እዚህ ጉም ውስጥ ቆሜ የማያውቁኝ ሰዎች ፊት እያለቀስኩ ነው።

ተጨማሪ፦ አንድ የደብረ ሲና ልጅ ሞተር ይዞ ማዶ ደርሷል፣ እግዜር ውለታህን ይክፈልህ። እኔን ግን አሁንም አያሳልፉኝም። ለጠባቂው «ወንድሜ ሊቀበር ነው» አልኩት። «ጋሼ፣ ውስጥ ቢታፈኑ የምጠየቀው እኔ ነኝ» አለኝ። እውነቱን ነው። እንደገና ለመንኩት። እንደገና እንደዚያው አለኝ።

ተጨማሪ፦ ከማል ደወለ። «ሼኹን ለምነን ትንሽ ጠብቀንዎት ነበር ጋሼ» አለኝ። የሞተሩ ልጅ፣ ወደ ቤትህ ግባ። ማንም እንዳይደክም።

ሰይዶ፣ ቀበሩህ አሉኝ።

የአባቴን ሬሳ ሳጥን ትከሻህ ላይ አድርገህ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ አድርሰህልኛል። ሰው ሊቀይርህ ሲመጣ እምቢ ብለህ። እኔ ያንተን ቃሬዛ ጫፉን እንኳን አልነካሁም። አፈሩ ይቅለልህ፣ ደህና ሁን ወንድሜ። መንገዱ ሲከፈት መጀመሪያ የምገባው እናትህ ቤት ነው። ምን ብዬ እንደምገባ አላውቅም።